የጋምቤላ የወንዝ ወደብና የወለጋ ጦርነት
ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ስለ ነበረው የስንቅና የማጓጓዣ ድርጅት የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

ስለ ኢትዮጵያና ስለ ኢጣልያ ጦርነት የተጻፉት መጻሕፍት አብዛኛዎቹ የሚናገሩት ስለ ጦር ሜዳው ነው። ማን እንደ ዘመተ፥ የት እንደ ተዋጋ፥ ማን ድል እንዳደረገና ማን እንደ ወደቀ በሰፊው ተጽፏል። ነገር ግን ለተዋጊው እህሉን፥ ጥይቱንና መድኃኒቱን ማን እንዳቀረበለት፥ በየትኛው በር እንደ ገባና በማን ጀርባ እንደ ተጓጓዘ የሚጠይቅ አንባቢ የሚያገኘው መልስ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በአንድ ወገን ብቻ፥ ይኸውም በምዕራቡ የአገራችን ክፍል፥ በነቀምትና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ዙሪያ መመርመር ነው።

ወለጋ ከባሕር እጅግ የራቀ አገር ስለ ሆነ፥ ስለ ወደብ ሲነገር ስሙ የሚነሣበት ምክንያት ምንድን ነው የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ የባሮ ወንዝ ነው። ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይ፥ በሶባትና በባሮ አድርገው ጋምቤላ ድረስ ይመጡ ነበርና፥ የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በዚያው ይወጣ፥ ጨውና ጨርቅ በዚያው ይገባ ነበር። ይህ የንግድ ወደብ በጦርነት ጊዜ ሁለት ጊዜ ተፈትኗል። የመጀመሪያው ፈተና በ1928 እና በ1929 ዓ.ም. ሲሆን ሁለተኛው በ1933 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ወደቡ ለኢትዮጵያ ተከላካዮች ሳይጠቅም ቀረ፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን በደምቢ ዶሎ የመሸገው የኢጣልያ ጦር እጁን እንዲሰጥ ከረዱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ወንዙ ያው ወንዝ፥ ወደቡም ያው ወደብ ሲሆን ልዩነቱ ከየት መጣ? ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው።

1. የጦር ወደብ ክፍል ሥራ

ወደብ ማለት በብዙ ሰው አሳብ መርከብ የሚቆምበት የውሃ ዳር ነው። የጦር ሰዎች ግን ወደብን የሚያዩት እንደ ድርጅት ነው። የእንግሊዝ ጦር በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመሐንዲሶች ሥር የወንዝ ማጓጓዣ ክፍል አቋቁሞ በፈረንሳይ ቦዮችና በሜሶፖታሚያ ወንዞች ላይ አሠርቶታል። በሁለተኛውም የዓለም ጦርነት የወደብ ሥራ ኩባንያዎች የሚባሉ ክፍሎች በዚያው በመሐንዲሶች ሥር ነበሩ። አሜሪካኖችም በ1934 ዓ.ም. ማለቂያ ገደማ ለማጓጓዣ ብቻ የተለየ የጦር ክፍል አቁመው የወደብ ባታሊዮኖችን በእርሱ ሥር አደረጉ።

የእነዚህ ክፍሎች ስም ልዩ ልዩ ቢሆንም ሥራቸው በአምስት ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፥ መርከቡ መቼ እንደሚደርስና ምን እንደ ጫነ አስቀድሞ ማወቅ። ሁለተኛ፥ ጭነቱን በፍጥነትና ሳይሰበር ማራገፍ። ሦስተኛ፥ የወረደውን ዕቃ ቆጥሮ በመዝገብ ማስፈር። አራተኛ፥ ዕቃውን ከዝናብና ከሌባ በሚጠብቅ መጋዘን ማኖር። አምስተኛና ከሁሉ የሚከብደው፥ ዕቃውን ከወደቡ አንሥቶ ወደ ጦሩ ማድረስ ነው። ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ የቀሩት አራቱ ዋጋ የላቸውም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የምጽዋ ወደብ ነው። ኢጣልያ በ1927 ዓ.ም. ለወረራው ስትዘጋጅ እጅግ ብዙ መርከቦችን ወደ ምጽዋ ላከች። ነገር ግን ወደቡ ይህን ያህል ጭነት ለመቀበል አልተሰናዳም ነበርና መርከቦቹ ተራ እየጠበቁ በባሕር ላይ ቆሙ፤ የወረደውም ዕቃ በዳርቻው ተከመረ። ኢጣልያኖች ይህን ለማቃለል የመርከብ ማራገፊያውን አሰፉ፥ ወደ አሥመራ የሚወጣውን መንገድ አሻሻሉ፥ ከምጽዋ እስከ አሥመራም ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የሽቦ ገመድ ማጓጓዣ ዘረጉ። እንግዲህ በትልቁ የባሕር ወደብ እንኳ ችግሩ ከባሕሩ በኩል ሳይሆን ከየብሱ በኩል እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

2. የጋምቤላ ወደብ አመሠራረት

የጋምቤላ ወደብ መነሻ ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. የተፈራረሙት የወሰን ውል ነው። በዚህ ውል በ4ኛው አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አካባቢ የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ፈቀዱ። መሬቱ በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፥ በስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የኪራዩም ዘመን ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። የኢታንግ መሬት ውሃ የሚተኛበት ሆኖ ስለ ተገኘ ጣቢያው ወደ ላይ ከፍ ብሎ በጋምቤላ ተቋቋመ።

በዚሁ አንቀጽ ውስጥ ለጥናታችን ትልቅ ዋጋ ያለው አንድ ቃል አለ። ይኸውም የተከራየው መሬት ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል የሚከለክለው ነው። ምኒልክ ይህን ቃል ማስገባታቸው በዘመኑ ብልኅነት ነበር። ከዓድዋ ድል ስድስት ዓመት ብቻ ያለፈ ስለ ሆነ፥ የውጭ መንግሥት በወንዝ በኩል ጦር አስገብቶ በምዕራብ እንዳይመሽግ መጠንቀቅ ይገባ ነበር። ነገር ግን ይኸው የተከለከለው በር ከ34 ዓመት በኋላ ኢትዮጵያ ራስዋ በፈለገችው ጊዜ ተዘግቶ እናገኘዋለን።

በሰላም ጊዜ ጣቢያው የሚመራው በሱዳን መንግሥት ሹም ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥትም በበኩሉ ቀረጥ የሚቀበል የጉምሩክ ሹም ነበረው። በውስጡም የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች መጋዘን ሠርተው ቡና፥ ሰምና ቆዳ ይገዙ፥ ጨውና ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ስለዚህ ከላይ ከዘረዘርናቸው አምስት ሥራዎች ውስጥ መርከብ የመጠበቁ፥ የማራገፉ፥ የመቁጠሩና የማከማቸቱ ሥራ በጋምቤላ በመጠኑም ቢሆን የተደራጀ ነበር ለማለት ይቻላል። ነገር ግን እነዚህ አራቱ ሥራዎች በአብዛኛው በውጭ ሰው እጅ ሲሆኑ፥ አምስተኛው ብቻ፥ ዕቃውን ወደ ደጋ የማውጣቱ ሥራ፥ በአገሬው ሰው ጫንቃ ላይ ነበር።

3. የውሃው ወራትና የመንገዱ ወራት

የጋምቤላን ወደብ ከሌሎች ወደቦች የሚለየው ትልቁ ነገር በዓመቱ ውስጥ ክፍት የሚሆነው ለጥቂት ወራት መሆኑ ነው። ባሮ በክረምት ዝናብ ሞልቶ መርከብ የሚያሳልፈው በግምት ከሰኔ እስከ ጥቅምት ነው። ከኅዳር ጀምሮ ውሃው ይጎድላል፤ አሸዋውም ይወጣል፤ ትልልቆቹ መርከቦችም እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ አይመጡም።

በየብስ በኩል ያለው ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። ከጋምቤላ ወደ ጎሬ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ የሚወጣው መንገድ ከቆላው ተነሥቶ በአቀበት ወደ ደጋው የሚዘልቅ ነው። በክረምት መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ወንዞቹ ይሞላሉ፤ በቆላውም ዝንብና ወባ ይበረታሉ። ስለዚህ አጋሰስ በነጻ የሚጓዘው በበጋ ነው። እንግዲህ መርከብ ሲኖር መንገድ የለም፤ መንገድ ሲኖር መርከብ የለም። በሰላም ጊዜ ነጋዴው ይህን ችግር የሚያሸንፈው በመጋዘን ነው። ቡናው በበጋ ወርዶ ክረምትን ይጠብቃል፤ ጨውና ጨርቁም በክረምት ገብቶ በጋን ይጠብቃል። ጦርነት ግን ወራት አይጠብቅም።

ነገሩን በቁጥር ለመረዳት አንድ ምሳሌ እናስብ። ይህ ምሳሌ ከመዝገብ የተገኘ ሳይሆን ለማስረዳት ብቻ የቀረበ ስሌት ነው። አንድ በቅሎ 100 ኪሎ፥ አንድ ሰው 25 ኪሎ ይሸከማል እንበል። አንድ የወንዝ ጀልባ 100 ቶን ዕቃ ቢያራግፍ፥ ያንን ዕቃ በአንድ ጊዜ ለማንሣት 1,000 በቅሎዎች ወይም 4,000 ተሸካሚዎች ያስፈልጋሉ። ወደ ደጋ ለመውጣት 5 ቀን፥ ለመመለስ 5 ቀን ቢፈጅ፥ 1,000 በቅሎዎች በ90 ቀን ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሰው 900 ቶን ያደርሳሉ። ይህም አንዲት በቅሎ ሳትሞትና አንድ ቀን ሳይባክን ነው።

ከዚህ ከ900 ቶን ላይ ግን የሚቀነስ አለ። ለበቅሎዎቹ በቀን 2 ኪሎ እህል ቢሰጥ በ90 ቀን 180 ቶን ይሆናል። ለ300 ጫኞች በቀን አንድ ኪሎ ቢታሰብ 27 ቶን ነው። 5,000 ወታደር በቀን አንድ አንድ ኪሎ ቢመገብ ደግሞ 450 ቶን ይበላል። ለጥይት፥ ለመድኃኒት፥ ለልብስና ለድንኳን የሚተርፈው 243 ቶን ብቻ ነው። ስለዚህ 1,000 በቅሎ የያዘ ሰው የሚችለው 5,000 ወታደር ማብላትና ጥቂት ጥይት መጨመር ነው። ጦሩ በሰፈረበት አገር እህል ካገኘ ስሌቱ ይሻሻላል። ካላገኘ ግን ማንኛውም ጀግንነት ይህን ስሌት አይለውጠውም።

4. የወለጋ ከተሞችና የሲራራው ሥርዓት

ከወደቡ በስተጀርባ ያሉት ከተሞች እያንዳንዳቸው በዚህ ሥራ ውስጥ ድርሻ ነበራቸው። ደምቢ ዶሎ፥ በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ሳዮ ይለው የነበረው፥ ከጋምቤላ የሚመጣው ዕቃ በደጋው ጫፍ መጀመሪያ የሚያርፍበት ገበያ ነው። ጊዳሚ፥ ነጆና ጊምቢ የቡናና የእህል መሰብሰቢያ ነበሩ። በሰሜን ምዕራብ ደግሞ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ የሚያወጣው መንገድ ሌላ የሱዳን በር ነበር። ነቀምት ከእነዚህ ሁሉ ወደ ምሥራቅ ሆና የምዕራቡን መንገድ ከአዲስ አበባ መንገድ ጋራ የምታገናኝ፥ በሰሜንም ዓባይን ተሻግሮ ከጎጃም የሚመጣውን ነጋዴ የምትቀበል ከተማ ነበረች።

የነቀምት ባላባቶች ይህን መንገድ የሥልጣናቸው ምንጭ አድርገውት ነበር። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ ማለት ኩምሣ ሞረዳ፥ ለምኒልክ ቤተ መንግሥት ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይገብሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ከነቀምት ቤተ መንግሥት የተገኙትና በአሌሳንድሮ ትሪውልዚና በተሰማ ታአ ተሰናድተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታተሙት ደብዳቤዎች የዚያን ዘመን የአስተዳደርና የግብር ጉዳይ ለሚያጠና ሰው ትልቅ ሀብት ናቸው። የወለጋ ወርቅና ጥርስ በመሳሪያ ግዢ ላይ የነበረው ድርሻ ራሱን የቻለ ጥናት የሚገባው ስለ ሆነ እዚህ አንገባበትም።

ሲራራው የራሱ ሥርዓት ነበረው። የንግዱ አለቃ ነጋድራስ ነው። ነጋዴዎች ሽፍታን በመፍራት በብዛት ተሰብስበው ይጓዛሉ፤ በየኬላው ቀረጥ ይከፍላሉ፤ ቡናው በፈረሱላ ይመዘናል፤ ጫኙ ኮርቻውንና ጠፍሩን ይጠብቃል፤ የበቅሎው ጀርባ የቆሰለ እንደ ሆነ ጭነቱን ለሌላ ያካፍላል። የት እንደሚታደር፥ የትኛው ወንዝ መቼ እንደሚሞላ፥ የት ሣር እንደሚገኝ የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። በዘመናዊ ጦር ቋንቋ ብንናገር፥ እነዚህ ሰዎች ያልተመዘገቡ የማጓጓዣ ባታሊዮኖች ነበሩ። የጎደላቸው ዕውቀት አልነበረም። የጎደላቸው በጦርነት ጊዜ አንድ የሚያደርጋቸው ትእዛዝና ኪራያቸውን የሚከፍል ግምጃ ቤት ነበር።

የቀድሞው የኢትዮጵያ ዘመቻ ሥርዓት ይህን ክፍት ቦታ አልሞላውም። ወታደሩ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣል፤ ሚስቱና አሽከሩ ጓዙን ይከተላሉ፤ ስንቁ ሲያልቅ ከአገሩ ሰው ይበላል። ምኒልክ ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ በመንገዱ ላይ እህል አስቀድሞ እንዲከማች በማድረጋቸው ያን የሚያህል ጦር ሊያደርሱ ቻሉ። ሆኖም ያ ድርጅት ለአንድ ዘመቻ የተዘጋጀ እንጂ ቋሚ ክፍል አልነበረም።

5. የመጀመሪያው ፈተና፤ 1928 እና 1929 ዓ.ም.

የኢጣልያ ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። አንባቢ ይህን ዘመን ከላይ ከተናገርነው የባሮ ወራት ጋራ ያስተያየው። ጦርነቱ የቆየባቸው ሰባት ወራት በአብዛኛው ባሮ የሚጎድልባቸው ወራት ናቸው። የጅቡቲ የባቡር መንገድ በፈረንሳይ ፖለቲካ ምክንያት ለመሳሪያ ማስገቢያ ባጠበበበት በዚያ ሰዓት፥ በምዕራብ ያለው በር በተፈጥሮ ተዘግቶ ነበር።

ባሮ እንደገና መሙላት ሲጀምር ሁኔታው ሁሉ ተለውጧል። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ሄደዋል። በጎሬ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራ መንግሥት ተቋቁሟል፤ ልዑል ራስ እምሩም የቀረውን ጦር ይዘው ወደ ምዕራብ መጥተዋል። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡት ወጣት መኮንኖችና ሌሎች የተማሩ ሰዎች በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቁመው በነቀምት አካባቢ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ምዕራቡ አገር ያልተያዘ መሬት፥ ሕጋዊ መንግሥት፥ የተማሩ መኮንኖችና የሞላ ወንዝ ነበረው። ታዲያ ስለ ምን አልሆነም?

የመጀመሪያው ምክንያት ከላይ የጠቀስነው ውል ነው። የጋምቤላ ጣቢያ በሱዳን መንግሥት እጅ ስለ ነበረና ለጦር ጉዳይ እንዳይውል ስለ ተከለከለ፥ የእንግሊዝ መንግሥትም ከኢጣልያ ጋራ መጣላትን ስላልፈለገ፥ በወንዙ በኩል ጦሩን የሚያቆም መሳሪያ አልገባም። ወደቡ በኢትዮጵያ መሬት ላይ ይሁን እንጂ ቁልፉ በሌላ እጅ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የወለጋ መከፋፈል ነው። በግንቦትና በሰኔ 1928 ዓ.ም. የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች ኅብረት አቁመው፥ በጎሬ በነበረው በእንግሊዝ ቆንስል በኩል አገራቸው በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር እንዲሆን ጠየቁ። ከመሪዎቹም አንዱ የነቀምቱ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ነበሩ። ይህን ድርጊት አንዳንዶች ክህደት ይሉታል። ሌሎች ደግሞ ከሸዋ ሹማምንት አገዛዝና ከሚያፈገፍገው ጦር ዝርፊያ ለመዳን የተደረገ ነው ይላሉ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ስንቅ የሌለው ጦር በአገሩ ሰው ላይ ሲያርፍ የሚበላው የገበሬውን ጎተራ ነው፤ ገበሬውም ጎተራውን ከሚያራቁተው ጋራ በልቡ ሊተባበር አይችልም። ስለዚህ የስንቅ ድርጅት አለመኖሩ ለፖለቲካው መከፋፈል አንድ ምክንያት እንጂ ውጤት ብቻ አልነበረም።

የቦናያ ድርጊት የዚህን ዘመን ጠባይ በደንብ ያሳያል። በክረምት መንገድ ስላልነበረ ኢጣልያኖች ነቀምትን ለመያዝ የሞከሩት በአየር ነው። በጄኔራል ማሊዮኮ የሚመሩ ሰዎች በሦስት አውሮፕላኖች ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ከነቀምት አጠገብ በቦናያ አረፉ። በዚያው ሌሊት የጥቁር አንበሳ ሰዎችና የሆለታ ወጣቶች አደጋ ጥለው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ከመጡትም አንድ ሚሲዮናዊ ቄስ ብቻ ሲተርፍ ማሊዮኮና ስመ ጥሩ አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ሞቱ። ይህ ትልቅ የጀግንነት ሥራ ነው። ሆኖም ከድሉ በኋላ አርበኞቹ በነቀምት ለመሰንበት የሚያስችል ስንቅም፥ የሕዝቡን አለቆች ድጋፍም ስላላገኙ ወደ ደቡብ ምዕራብ አፈገፈጉ። ጠላት መንገዱ እስኪደርቅ ጠብቆ በመኪናና በእግር መጣ። ጎሬ ኅዳር 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ተያዘች፤ ራስ እምሩም በታኅሣሥ በጎጀብ ወንዝ ተከበው እጃቸውን ሰጡ።

6. ሁለተኛው ፈተና፤ 1933 ዓ.ም.

ኢጣልያ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ ጦርነት ስትገባ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ከዚህ በፊት ወንዙን ለጦር የዘጋችው እንግሊዝ አሁን ራስዋ ለጦር ልትጠቀምበት ተነሣች። ከሱዳንና ከኬንያ ከገቡት ኃይሎች በተጨማሪ ከቤልጂግ ኮንጎ የመጣ ጦር በምዕራብ ተሰለፈ። ይህ ጦር ፎርስ ፑብሊክ የሚባለው ሲሆን ወታደሮቹ ኮንጎዎች፥ መኮንኖቹ ቤልጂጎች ነበሩ። ከአገራቸው ተነሥተው በመኪና እስከ ጁባ፥ ከዚያም በነጭ ዓባይ መርከብ ወደ ማላካል ወረዱ። ብዙ ተሸካሚዎችም አብረዋቸው መጡ።

ይህ ጦር ከእንግሊዝ ጦር የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ጋራ ሆኖ አሶሳን መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ያዘ። በዚሁ ወር ጋምቤላ ከኢጣልያኖች እጅ ተወሰደች። ወደቡ ተያዘ ማለት ግን ሥራ ጀመረ ማለት አልነበረም። ወሩ መጋቢት ስለ ሆነ ባሮ ጎድሎ ነበር። ዕቃ የሚመጣው በየብስ ነው፤ ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ የየብሱ መንገድ ጭቃ ሆነ። ቤልጂጎቹ ሚያዝያ 7 ቀን ከደምቢ ዶሎ በታች በቦርታይ ወንዝ አጠገብ ጥቃት ቢጀምሩም ምሽጉን ሊሰብሩት አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በተራራው ግርጌ የሰፈሩት ሰዎች በምግብ ማነስ፥ በተቅማጥና በቤሪቤሪ ተሠቃዩ። ከጥይት ይልቅ በሽታ ብዙ ሰው ጨረሰ። ከሟቾቹም ውስጥ ስማቸው በየትም ያልተጻፈ ተሸካሚዎች ብዙዎች ነበሩ።

ሰኔ ሲገባ ሚዛኑ ተለወጠ። ባሮ ሞላ፤ ጀልባዎች ከማላካል እስከ ጋምቤላ ሊመጡ ቻሉ፤ ረዳት ጦር፥ መድፍና ምግብ ደረሰ። ጄኔራል ዢሊያርትም የጦሩን መሪነት ያዘ። ያው ዝናብ በሌላ ወገን ላይ ተቃራኒውን አደረገ። በደምቢ ዶሎ የተሰበሰበው የጄኔራል ጋዜራ ጦር የተመካው በየብስ መንገድ ላይ ነበር። ጅማ ሰኔ 14 ቀን ወደቀች፤ በዚያም ውጊያ የደጃዝማች ገረሱ ዱኪ አርበኞች ከፍ ያለ ድርሻ ነበራቸው። ከምሥራቅ የእንግሊዝ ጦርና የኢትዮጵያ አርበኞች እየገፉ መጡ፤ መንገዱ ተቆረጠ፤ ወንዞቹ ሞሉ። አንዱ ወገን በዝናቡ ምክንያት በር ሲከፈትለት ለሌላው በዚያው ዝናብ ተዘጋበት።

ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. ማለዳ ቤልጂጎቹ አጠቁ። በዚያው ቀን ጄኔራል ጋዜራ ለመደራደር መልእክተኛ ላከ፤ ከሌሎች ጄኔራሎችና በሺህ ከሚቆጠር ሠራዊት ጋራም እጁን ሰጠ። የተማረከው ጦር በቁጥር ከከበበው ጦር የሚያንስ አልነበረም፤ መድፍ፥ መትረየስና ጥይትም ነበረው። ያጣው ምግብ፥ መንገድና ተስፋ ነበር።

በዚህ ድል የወለጋ ሕዝብ ድርሻ በቤልጂጎችም በእንግሊዞችም ታሪክ ውስጥ ጎልቶ አይታይም። በተራራው ግርጌ ለቆመ የተራበ ጦር እህል፥ ከብትና መንገድ መሪ ከአገሬው በቀር ከየት ሊገኝ ይችላል? የድል ሐውልቱ የተሠራው በኮንጎ ነው፤ የደምቢ ዶሎ ስም በዚያ በመንገድና በአደባባይ ላይ ተጽፎ ነበር። የጫኞቹ ስም ግን በዚያም በዚህም የለም።

7. ሁለቱን ፈተናዎች ማነጻጸር

ከላይ የቀረበውን ስናጠቃልል በሁለቱ ጊዜያት መካከል ያለው ልዩነት በሦስት ነገር ይታያል።

አንደኛው የወደቡ ባለቤትነት ነው። በ1928 ዓ.ም. ተዋጊውና የወደቡ አዛዥ የተለያዩ ነበሩ። በ1933 ዓ.ም. ግን ከማላካል እስከ ጋምቤላ ያለው ውሃ፥ መርከብና ጣቢያ በአንድ ወገን ትእዛዝ ሥር ዋለ።

ሁለተኛው ወራትን አውቆ መሥራት ነው። ቤልጂጎች በሚያዝያ ያጠቁት ውሃው ከመሙላቱ በፊት በመሆኑ ተቀጡ፤ በሰኔ ያጠቁት ከሞላ በኋላ በመሆኑ ተሳካላቸው። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ክረምቱ ለጎሬ መንግሥት የአራት ወር ዕረፍት ሰጥቶት ነበር፤ በዚያ ዕረፍት ውስጥ የሚገባ ዕቃ ግን አልነበረም።

ሦስተኛው የኋላው ድርጅት ነው። የኮንጎው ጦር ከእጅግ ሩቅ አገር መጥቶ ሳለ፥ በርሃብ ቢሠቃይም፥ ሳይበተን የቆየው ከኋላው መዝገብ፥ መጋዘንና ተራ ያለው ማጓጓዣ ስለ ነበረ ነው። በጎሬና በነቀምት የነበሩት ተከላካዮች በገዛ አገራቸው ቆመው ሳለ ይህን አላገኙም። በቅሎና ጫኝ ከእነርሱ ይልቅ የቀረበው ሰው አልነበረም፤ ያንን በቅሎና ጫኝ ወደ አንድ ክፍል የሚያደራጅ ጊዜና ገንዘብ ግን አልነበራቸውም።

በዚህም ምክንያት የምዕራቡ መከላከያ የወደቀው በክህደት ብቻ ነው የሚለው አስተያየት ሙሉ ሆኖ አይታየንም። ክህደትም፥ ቂምም፥ ፍርሃትም ነበሩ። ነገር ግን ሰዎቹ ሁሉ አንድ ልብ ቢሆኑ እንኳ፥ በውል የታሰረ ወደብና ያልተደራጀ ሲራራ ይዘው በ1929 ዓ.ም. በጋ ከመጣው ጠላት ጋራ ለረጅም ጊዜ መቋቋም ይችሉ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ይህን የምንለው ጥፋተኛውን ለማዳን ሳይሆን ጥፋቱ በሙሉ በአንድ አገር ሕዝብ ላይ እንዳይጫን ነው።

ማጠቃለያ

ሱዳን ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ በ1894 ዓ.ም. የተደረገው የኪራይ ዘመን አበቃ፤ ጋምቤላም ሙሉ በሙሉ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የመኪና መንገድ የወለጋን ቡና ወደ አዲስ አበባ እየሳበው ስለ ነበረ የወንዙ ንግድ የቀድሞው ኃይል አልነበረውም። ቁልፉ በእጃችን ሲገባ በሩ ጠቦ ነበር። በኋላም በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋራ በተደረገው ጦርነት የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ በተዘጋ ጊዜ ጭነቱን ሁሉ በአጭር ቀን ወደ ጅቡቲ ማዞር ግድ ሆነ። የወደብ ጉዳይ በውሃው ዳር ብቻ እንደማያልቅ የጋምቤላ ታሪክ አስቀድሞ ያስተማረው ይህንኑ ነው።

ለወደፊት ጥናት ሁለት ነገሮችን እናመለክታለን። አንደኛ፥ በነቀምትና በደምቢ ዶሎ ቤተ ሰቦች እጅ የሚገኙት የጉምሩክ ደረሰኞች፥ የሲራራ ደብዳቤዎችና የኪራይ ወረቀቶች ሳይጠፉ ተሰብስበው ቢመዘገቡ፥ በዚህ ጽሑፍ በምሳሌ ያቀረብነውን ስሌት በእውነተኛ ቁጥር ለመተካት ያስችላሉ። ሁለተኛ፥ ጫኞቹ ራሳቸው ዛሬ በሕይወት ባይኖሩም ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይናገራሉና፥ በወለጋ የሚገኙ ተማሪዎች ይህን ቃል በኦሮምኛና በአማርኛ ቢጽፉት ለታሪካችን ትልቅ አገልግሎት ይሆናል። የጦር አለቆቹን ስም ታሪክ ይዞታል፤ ጭነቱን ተሸክሞ ከባሮ ዳር እስከ ደጋው የወጣውን ሰው ስም ግን እስካሁን የጻፈለት የለም።